የረገፈው የጀሶ ገደል፦ በአንድ የባቡር ሞዴል ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም በተለምዶ ኤች ኦ በሚባለው መጠን የተሠራን አንድ የባቡር ሞዴል ነው። በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሐዲዱ በሞዴሉ የኋላ ጠርዝ በኩል ተጠማዝዞ ሲያልፍ ከበላዩ የድንጋይ ገደል ይነሣል፤ የገደሉ ከፍተኛ ቦታ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በእውነተኛው ዓለም መጠን ሲሰላ ወደ 35 ሜትር የሚጠጋ ቋጥኝን ይወክላል። ገደሉ የተሸፈነው ከጎማ ፎርማ በወጡ የጀሶ ድንጋዮች ነበር። ድንጋዮቹ ከተለጠፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ተራ በተራ መርገፍ ጀመሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሐዲዱ ላይ ወድቆ በመጓዝ ላይ የነበረውን ባቡር ከመስመር አስወጣ። የሞዴሉ ባለቤት ምክንያቱን እንድመረምርና ጥገናውን አብሬያቸው እንድሠራ የጠየቁኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ባለቤቱ የደረሱበት መደምደሚያ ሙጫው ደካማ ነው የሚል ነበር፤ ስለዚህ የጠየቁኝም ከተጠቀሙባቸው ሁሉ የበለጠ የሚይዝ ሙጫ የትኛው እንደሆነ ነው። የወደቁትን ድንጋዮች ሳልመለከት ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አልፈለግሁም፤ ምክንያቱም የተለጠፈ ነገር ሲለቅቅ የተለያየው ክፍል ሙጫው ራሱ ነው ወይስ ሙጫው የያዘው ነገር የሚለው እስካልታወቀ ድረስ የሙጫ ምርጫ ግምት ብቻ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ባለቤቱ የረገፉትን ድንጋዮች አልጣሏቸውም ነበር፤ ከየትኛው ቦታ እንደወደቁ በእርሳስ ጽፈው በሣጥን አስቀምጠዋቸዋል። ይህ ጥንቃቄያቸው ባይኖር ኖሮ ከዚህ በታች የተገለጸው አብዛኛው ነገር ሊታወቅ ባልቻለ ነበር።

የገደሉ አሠራር

የገደሉ መሠረት ከሁለት የተለያዩ ነገሮች የተሠራ ነው። ግራው ክፍል በእንጨት ክፈፍ ላይ ከተጠላለፉ የካርቶን ቁራጮች የተዋቀረ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ውሃ የነካው የጀሶ ፋሻ ተደራርቦ ደርቋል፤ በመሆኑም ባዶ ሆድ ያለው ስስ የጀሶ ቅርፊት ነው። ቀኙ ክፍል ደግሞ ከተነባበረ ጥቅጥቅ ያለ የፖሊስታይሪን ፎም የተጠረበ ነው፤ ድንጋዮቹ ከመለጠፋቸው በፊትም ፎሙ እንዳይታይ ተብሎ ለግድግዳ በሚውል የውሃ ቀለም ሙሉ በሙሉ ቡናማ ተቀብቶ ነበር። ድንጋዮቹ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነበራቸው፤ አብዛኞቹ ከእጅ መዳፍ አይበልጡም፤ ሁለቱ ትልልቆች ግን እያንዳንዳቸው ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ።

ለመለጠፍ ያገለገሉት ነገሮችም አንድ ዓይነት አልነበሩም። በጀሶ ፋሻው ላይ አዲስ የተበጠበጠ ጀሶ፣ በፎሙ ላይ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ በጥቂት ጠባብ ቦታዎች ላይ ደግሞ በሽጉጥ እየቀለጠ የሚወጣ ሙቅ ሙጫ ጥቅም ላይ ውለዋል። ሦስቱም በየቦታቸው የሚታወቁና የሚሠሩ ዘዴዎች ናቸው። ሦስቱም በአንድ ገደል ላይ መክሸፋቸው ችግሩ ከሙጫው ውጭ መፈለግ እንዳለበት የመጀመሪያው ምልክት ነበር።

የወደቁት ድንጋዮች ጀርባ ያሳየው

በቅድሚያ ከጀሶ ፋሻው የረገፉትን ድንጋዮች ገልብጠን ተመለከትን። ጀርባቸው ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል፤ እንዲለጥፋቸው የተቀባው ጀሶ በመሠረቱ ላይ ቀርቷል፤ የቀረውም በጥፍር ሲነካ እንደ ዱቄት ይፈረፈር ነበር። አዲስ ጀሶ እንዲህ ሊፈረፈር የሚችለው ጠንክሮ ሳይጨርስ ውሃውን ሲነጠቅ ነው። ይህን ለመረዳት ጀሶ እንዴት እንደሚጠነክር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጀሶ የሚገኘው ጂፕሰም የተባለውን ማዕድን በማሞቅ ነው፤ ጂፕሰም ከውሃ ጋር የተጣመረ ካልሲየም ሰልፌት ሲሆን፣ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከያዘው ውሃ ሦስት አራተኛውን ያጣል። ዱቄቱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ያጣውን መልሶ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ሙቀት እየለቀቀ እርስ በርሳቸው የሚቆላለፉ መርፌ መሰል ክሪስታሎችን ይሠራል፤ ጥንካሬውም ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ መቆላለፍ ነው። ክሪስታሎቹ ተሠርተው ሳያልቁ ውሃው ከሸሸ የሚቀረው በከፊል ብቻ የተያያዘ ዱቄት ነው።

ውሃው ወዴት እንደሸሸ ግልጽ ነው። ለዚህ ለውጥ በስሌት የሚያስፈልገው ውሃ ለ100 ግራም ዱቄት 18.6 ግራም ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ድብልቁ ወደ ፎርማው እንዲፈስ ከ60 እስከ 70 ግራም የሚደርስ ውሃ ይጨመርበታል። ትርፉ ውሃ ተንኖ ሲወጣ በቦታው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ ደርቆ የሰነበተ የጀሶ ድንጋይ ውሃ የሚጠማውም በእነዚህ ቀዳዳዎች ምክንያት ነው። በዚህ ገደል ላይ ከላይ የደረቀው ድንጋይ፣ ከታች የደረቀው ፋሻ፣ በመካከላቸው ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ጀሶ ነበር። ሁለቱ ደረቆች የመካከለኛውን ውሃ ከሁለት ወገን መጠጡት። ይህን ለባለቤቱ ለማሳየት በአንዱ ድንጋይ ጀርባ ላይ የውሃ ጠብታ አኖርን፤ ጠብታው ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ነክረን ካወጣን በኋላ ሌላ ጠብታ ስናኖርበት ላዩ ላይ ቆመ። ይህ ቀላል ሙከራ በኋላ ጥገናው ውስጥ ቋሚ መመዘኛችን ሆነ።

ከፎሙ የረገፉት ድንጋዮች የነገሩን ከዚህ የተለየ ነው። በጀርባቸው ላይ ኮላው በደንብ ይዞ ነበር፤ በኮላው ላይ ደግሞ ቡናማ የቀለም ቆዳ ተጣብቆ ይታያል። ፎሙን ስንመለከት ቀለሙ በድንጋዮቹ ልክ ተልጦ ጥሬው ፎም ታየ። ኮላው ሥራውን ሠርቷል፤ ቀለሙንም አጥብቆ ይዟል፤ ቀለሙ ግን የጥቅጥቅ ፎምን ለስላሳ ገጽ አልያዘም ነበር። የግድግዳ ቀለም የራሱን ክብደት ብቻ እንዲሸከም የተሠራ ስስ ቆዳ ነው፤ የጀሶ ድንጋይ ክብደት ያለማቋረጥ ወደ ታች ሲጎትተው መላጡ የጊዜ ጉዳይ ነው። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ምርመራ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ያህል ጠንካራ ሙጫ ቢመረጥ በዚህ ቀለም ላይ እስከተቀባ ድረስ ውጤቱ አይለወጥም ነበር።

ከሁለቱ ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ ተጨማሪ ነገር አሳይቶናል። ይህ ድንጋይ ከመለጠፉ በፊት ጀርባውን ጨምሮ ዙሪያውን በአክሪሊክ ቀለም ተቀብቶ ስለነበር፣ ወፍራሙ ኮላ መሐሉ ላይ ከወራት በኋላም ነጭና ለስላሳ እንደሆነ አገኘነው። ነጭ ኮላ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውሃ ሲወጣ ነው፤ በአንድ ወገን ውሃ የማያሳልፍ ፎም፣ በሌላው ወገን በቀለም የታሸገ ጀሶ ካለ ግን ውሃው በጠርዙ በኩል ብቻ መውጣት ይኖርበታል፤ ጠርዙ ቀድሞ ሲደርቅ ይህም መንገድ ይዘጋል። ድንጋዩ እስከዚያ ድረስ የቆየው ከሥሩ በነበረው ትንሽ እርከን ላይ በማረፉ ነው።

ሙቅ ሙጫው የነበረባቸው ቦታዎች ብዙ አልነበሩም። ከድንጋዮቹ የለቀቀው የሙጫ ገጽ አብረቅራቂና ለስላሳ ሲሆን በላዩ የጀሶ ብናኝ ተጣብቆበት ነበር። ቀዝቃዛና ወፍራም ጀሶ የቀለጠውን ሙጫ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያቀዘቅዘው ሙጫው ወደ ቀዳዳዎቹ ሳይገባ ይደርቃል፤ በዚያ ላይ የያዘው ድንጋዩን ሳይሆን ያልተጠረገውን ብናኝ ነው። ብናኙ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የወረቀት ፕላስተር በድንጋዩ ጀርባ ላይ ተጭኖ ሲነሣ ይታያል፤ ፕላስተሩ ነጭ ሆኖ ከተነሣ ማንኛውም ሙጫ የሚይዘው ያንኑ ብናኝ ይሆናል።

ይበልጥ ጠንካራ ሙጫ ለምን አልተመረጠም

ባለቤቱ ሁለት አማራጮችን አቅርበው ነበር። አንደኛው በማሟሟያ የሚሠራ የጫማና የቆዳ ሙጫ ሲሆን፣ ይህ ዓይነቱ ሙጫ ፖሊስታይሪንን ስለሚያሟሟ ፎሙን ራሱን ይበላዋል። ሁለተኛው እያበጠ የሚደርቅ የፖሊዩሪቴን ሙጫ ነው፤ ይህ በእርግጥ ጀሶንም ፎምንም ይይዛል፣ ነገር ግን በሚያብጥበት ጊዜ ድንጋዩን ከቦታው ስለሚገፋው እስኪደርቅ ድረስ በክብደት ወይም በድጋፍ ተጭኖ መቆየት አለበት፤ በቀጥታ በቆመ ገደል ላይ ይህን ማድረግ አስቸጋሪ ነው። ከመጋጠሚያው የሚወጣው አረፋም ተቆርጦ ቢነሣ እንኳ የተከረከመው ቦታ ቀለም የሚቀበልበት መንገድ ከጀሶው የተለየ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ትተን መሠረቱንና ጀርባውን ማስተካከል መረጥን።

ጥገናው

ሥራው የተጀመረው በሐዲዱ ነው። ብረቶቹና በተለይም የሐዲድ መቀየሪያዎቹ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍነው በላያቸው ላስቲክ ተነጠፈ፤ የጀሶ ጠብታ በመቀየሪያው ተንቀሳቃሽ ክፍል ውስጥ ከደረቀ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ከዚያም በገደሉ ላይ የቀሩትን ድንጋዮች በእንጨት እጀታ በቀስታ እየመታን አዳመጥን፤ ጥብቅ ድምፅ የሰጡትን ተውናቸው፤ ክፍት ድምፅ የሰጡትን በስፓቱላ አነሣናቸው። ባለቤቱ ሁሉም እንዲነሡ ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን በደንብ የያዘን ድንጋይ ማንሣት መሠረቱን እንደሚቀድድ ስላስረዳኋቸው ተስማሙ።

ድንጋዮቹን መልሰን ከመለጠፋችን በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አቀማመጣቸውን ወሰንን። በእውነተኛ ገደል ላይ የድንጋይ ንብርብሮች በአንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ ከአንድ ፎርማ የወጣ ድንጋይ ተገልብጦ ወይም ዞሮ ሲለጠፍ መደጋገሙ ባይታወቅም፣ የንብርብሩ ዘንበል ከጎረቤቱ ጋር ካልተስማማ ዓይን ወዲያው ስሕተቱን ያገኘዋል። ከዚህ ጋር አብሮ የባቡሩ ማለፊያ ክፍተት ተለካ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር የሚያሳትመው መለኪያ ለቀጥተኛ ሐዲድ በቂ ነው፤ በጥምዝ ላይ ግን ረጅም ፉርጎ መሐሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ፣ ካለው ሁሉ ረጅሙን የመንገደኛ ፉርጎ በእጅ እየገፋን በጎኑ በታሰረ እርሳስ የሚደርስበትን መስመር አሠመርን። ከመስመሩ አልፎ የሚወጣ ድንጋይ ጀርባው በሞረድ እንዲሳሳ ተደረገ።

በጀሶ ፋሻው ክፍል የተፈረፈረው አሮጌ ጀሶ እስከ ጠንካራው ገጽ ድረስ ተፋቀ። የድንጋዮቹ ጀርባ በብሩሽ ተጠርጎ በቢላዋ ጫፍ የተቆራረጡ መስመሮች ተጫሩበት፤ ከዚያም ድንጋዩ በውሃ ተነከረ፣ መሠረቱም በመርጫ የጠብታው ሙከራ እስኪሳካ ድረስ ረጠበ። ፋሻው ከሥሩ ካርቶን ስላለው ከመጠን በላይ ከረጠበ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየረጨን ጠበቅን። አዲሱ ጀሶ የተበጠበጠው በንጹሕ ዕቃ ነው፤ በዕቃው ላይ የደረቀ የቀድሞ ጀሶ ከቀረ አዲሱን ያለ ጊዜው ያጠነክረዋል። ዱቄቱ ወደ ውሃው በቀስታ ተነስንሶ ከጠጣ በኋላ፣ ከስፓቱላ ላይ የማይንጠባጠብ ውፍረት ሲይዝ በሁለቱም ገጾች ላይ ተቀባ።

ድንጋዩ ተጭኖ በትንሹ ወዲያና ወዲህ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቦታውን ሲይዝ ዝም ብሎ መያዝ አለበት። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ጀሶው መጠንከር ከጀመረ በኋላ አቀማመጡን ለማሳመር ድንጋዩን ጥቂት እንኳ ማንቀሳቀስ ገና በመቆላለፍ ላይ ያሉትን ክሪስታሎች ይሰብራቸዋል፤ የተሰበሩት ደግሞ መልሰው አይያያዙም። አቀማመጡ ካልተወደደ ድንጋዩን አንሥቶ፣ ጀሶውን ጠርጎ፣ በአዲስ መጀመር ብቻ ነው የሚሻለው። በመጋጠሚያው ጠርዝ የሚወጣው ጀሶ ሲሞቅ መጠንከሩ ወደ መጨረሻው እየደረሰ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ እጃችንን የምናነሣው ሙቀቱን ከተሰማን በኋላ ነበር።

በፎሙ ክፍል ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ተፋቀ፤ ጥሬው ፎምም በሽቦ ብሩሽ ሻካራ እንዲሆን ተደረገ። ለመለጠፊያ የተመረጠው ማሟሟያ የሌለበት፣ ለመስኮትና ለግድግዳ ስንጥቅ የሚያገለግል አክሪሊክ ማሸጊያ ነው፤ ይህ ከደረቀ በኋላ በመጠኑ ስለሚለጠጥ ከኮላ ይልቅ ንዝረትን ይችላል። እርሱም ቢሆን የሚደርቀው ውሃው ሲወጣ ስለሆነ በወፍራሙ አልተቀባም፤ የድንጋዮቹ ጀርባም ያልተቀባ ጀሶ እንዲሆን ተደረገ። በየድንጋዩ ጀርባ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥልቀት የሌላቸው ቀዳዳዎች ተበስተው ስቴኪኒ ገባባቸው፤ የስቴኪኒዎቹ ሌላ ጫፍ ዘንበል ብሎ ወደ ፎሙ ሲሰካ ማሸጊያው እስኪደርቅ ድረስ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ሁለቱ ትልልቆች ግን በማሸጊያ ብቻ እንዲያዙ አልፈቀድኩም። ከጀርባቸው ጀሶ እየተቦረቦረ ውፍረታቸው ተቀነሰ፤ በቦረቦርነው ውስጥ የታጠፈ ሽቦ በአዲስ ጀሶ ተቀበረ፤ ሽቦውም በፎሙ ውስጥ አልፎ ከኋላ በእንጨት ክፈፉ ላይ በቪቴ ታሰረ። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ከሚንቀሳቀስ ባቡር በላይ ሲሰቀል ክብደቱን የሚሸከመው እንጨት እንጂ ሙጫ መሆን የለበትም።

ገደሉ ወደ ፊት በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ግን የደረቀ ድንጋይ ሊገጥም አልቻለም። እዚያ ሌላ መንገድ ተከተልን፦ ጀሶው በጎማ ፎርማው ውስጥ ፈስሶ፣ መፍሰሱን አቁሞ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ፎርማው ከነጀሶው በረጠበው መሠረት ላይ ተጭኖ ከማዕዘኑ ጋር እንዲታጠፍ ተደረገ። እስኪሞቅ በእጅ ተይዞ ከቆየ በኋላ ጎማው ተላጠ። በዚህ ዘዴ ድንጋዩና መለጠፊያው አንድ አካል ስለሚሆኑ ከሁሉ የበለጠ ይይዛል፤ ድካሙ ግን ጊዜውን ማወቅ ላይ ነው፤ ቶሎ ከተጫነ ይፈስሳል፣ ከዘገየ ይሰነጠቃል። በጀሶ ላይ ለሚሠራ ሁሉ ይህን ዘዴ ቀድሞ እንዲለማመድ እመክራለሁ።

መጋጠሚያውና ቀለሙ

በድንጋዮቹ መካከል የቀሩት ክፍተቶች ጥቂት ሲትሪክ አሲድ በተጨመረበት ጀሶ ተሞሉ፤ አሲዱ መጠንከሩን ስለሚያዘገይ ለመቅረጽ ፋታ ይሰጣል። ጀሶው ሳይጠነክር የጎረቤት ድንጋዮቹ የንብርብር መስመሮች በቢላዋና በጠንካራ ብሩሽ በመጋጠሚያው ላይ እንዲቀጥሉ ተደረገ። የታችኛው ጠርዝ ብዙ ሥራ አልፈለገም፤ በእውነተኛ ገደል ሥር ሁልጊዜ የተፈረካከሰ ድንጋይ ስለሚከማች፣ የተሰባበሩት የጀሶ ቁርጥራጮች እዚያው ተከምረው ተለጠፉ።

ባለቤቱ ድንጋዮቹን ቀድመው ቀብተው የመለጠፍ ልማድ ነበራቸው። እኔ ከተለጠፉ በኋላ መቅባቱን እመርጣለሁ፤ ያልታሸገ ጀሶ ቀጭን የቀለም ውሃ ስለሚመጥጥ ድንጋዩና መጋጠሚያው በአንድ ጊዜ ሲቀቡ ይዋሐዳሉ። ኮላ ወይም ማሸጊያ የነካው ቦታ ግን ቀለሙን አይመጥጥም፤ ነጣ ያለ አብረቅራቂ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመጋጠሚያ የወጣው ማሸጊያ ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ተጠረገ፤ ያመለጠው ደግሞ ተፍቆ በስስ ጀሶ ተሸፈነ። ቀለም የተጀመረው ግድግዳው ሲነካ ቅዝቃዜው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ውሃ የሚተንበት ጀሶ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ጥንካሬውም ከደረቀው ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ በዚያ ጊዜ በብሩሽ መጫን አይገባም። በመጀመሪያ ቢጫና ቡናማ ቀለማት በብዙ ውሃ ቀጥነው በየቦታው ተነካኩ፤ በላያቸው የቀጠነ ጥቁር ወርዶ ወደ ስንጥቆቹ ገባ።

ከጥገናው በኋላ

ባቡሮቹ መሮጥ ከጀመሩ በኋላ ከተለጠፉት ድንጋዮች አንዱም አልለቀቀም። የታየው ብቸኛ ችግር ገደሉ ከእንጨት ክፈፉ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የወጣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ነው። እንጨት በአየሩ እርጥበት መጠን ያብጣል፣ ይሸበሸባልም፤ ጀሶ ግን ይህን እንቅስቃሴ አይከተልም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ጀሶ ደጋግሞ መሙላት ስንጥቁን ይመልሰዋል። ቦታው በሚለጠጠው ማሸጊያ ተሞልቶ፣ ማሸጊያው ሳይደርቅ የተፈጨ የጀሶ ብናኝ ተነሰነሰበት፤ ብናኙ ቀለም ስለሚመጥጥ ከገደሉ ጋር ተመሳሰለ።

አንድ ቦታ ሆን ተብሎ ሳይለጠፍ ቀርቷል። ከዋሻው አፍ በላይ ያለው የድንጋይ ክምችት ከጀርባው የመቀየሪያው ሞተርና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ስላሉ፣ ባቡር በዋሻው ውስጥ ከመስመር ሲወጣም እጅ የሚገባው በዚያ ብቻ ስለሆነ፣ ድንጋዮቹ በስስ ጣውላ ላይ ተለጥፈው ጣውላው በሁለት የእንጨት ሹሎች ላይ ተቀመጠ። ጠርዙ በተፈጥሮ ስንጥቅ መስመር ላይ እንዲያርፍ ስለተቆረጠ ከፊት አይታወቅም፤ ባለቤቱም ሲያስፈልጋቸው በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አንሥተው ያወጡታል።